ከግቤ ማዶ፦ የሰብል በሽታን ተከትዬ ወደ ጅማ ያደረግሁት ጉዞ

እኔ የስንዴና የባቄላ አገር ልጅ ነኝ። ያደግሁት በሰሜን ሸዋ፣ በሞረትና ጅሩ ነው፤ አሁን በደብረ ብርሃን የእርሻ ትምህርት አስተምራለሁ። ዋግ የወረደበት ስንዴ ለአጨዳ ሲቃረብ ፍሬው ጨምድዶ እንደሚቀር፣ ቆርምድ የያዘው ባቄላም ቅጠሉ አብጦና ተጣጥፎ ሳያፈራ እንደሚያልቅ ከልጅነቴ ጀምሮ ባይሆንም ከጎልማሳነቴ ጀምሮ በዓይኔ አይቻለሁ። ወደ ጅማ ለመሄድ የወሰንሁት ግን የጠፋውን ብቻ ሳይሆን የዳነውን ጭምር ለማየት ነው፤ አገራችን አንድን ከባድ የሰብል በሽታ በራሷ ዛፎች የመከተችበት ስፍራ እዚያ ነውና። ወሩን ሐምሌ ያደረግሁት የቡና ፍሬ በሽታ ገና አረንጓዴ በሆነው ፍሬ ላይ የሚወርደው በክረምቱ ዝናብ ስለሆነ ነው። በጥቅምት የሚሄድ ሰው ቀይ እሸት ያያል እንጂ በክረምት የረገፈውን አያይም።

ሐምሌ 4፦ ከአየር ጤና እስከ ወልቂጤ

ከአየር ጤና መናኸሪያ የተነሣነው ጎሕ ሳይቀድ ነበር። ለጅማ የከፈልሁት ዋጋ 850 ብር ሲሆን፣ ለሻንጣዬ ደግሞ ረዳቱ 50 ብር ጨመረብኝ። ሰበታንና ቱሉ ቦሎን ስናልፍ ገበሬው በጭቃው ማሳ ላይ ጤፍ ለመዝራት በሬዎቹን ጠምዶ ነበር፤ ጥቁር አፈሩ ከእኛ ከጅሩ አፈር ጋር አንድ ዓይነት ስለመሰለኝ ከቤቴ ብዙ የራቅሁ አልመሰለኝም። ወሊሶ ቁርስ በላን። ከዚያ ወዲያ ግን መሬቱ መልኩን ለወጠ፤ በየጓሮው እንሰት ይታይ ጀመር።

ወልቂጤ ለምሳ ቆምን። ቆጮ በጎመንና በአይብ 220 ብር ነበር። ቆጮው ስስና ትኩስ ሆኖ ስለቀረበልኝ ምግብ ቤቱን የምታስተዳድረውን እናት አመሰገንኋቸው፤ እሳቸውም በትውልድ ቀበሌያቸው እንሰቱ እየጠወለገ መሆኑንና ቆጮ ከሌላ አካባቢ እየገዙ እንደሚሠሩ ነገሩኝ። «ልጄ፣ አንዱ ሲታመም ጎረቤቱ አይተርፍም» አሉኝ። ነገሩ ልክ ነው። የእንሰት አጠውልግ የሚባለው በሽታ የሚመጣው በባክቴሪያ ነው። የመሀሉ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ይታጠፋል፤ ግንዱ ሲቆረጥ ቢጫማ ፈሳሽ ያወጣል። በሽተኛውን እንሰት የቆረጠ ቢላ ሳይጸዳ ጤነኛውን ከነካ በሽታው ይተላለፋል። ቢላውን በእሳት ነበልባል ላይ ማለፍ በሽታውን ለመቀነስ ያለ ገንዘብ የሚሠራ ዘዴ ነው፤ ሆኖም በጋራ ካልተደረገ ዋጋ የለውም። አንድ እንሰት ለምግብ የሚደርሰው ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ቆይቶ ስለሆነ፣ ጓሮው የጠፋበት ቤተሰብ የሚያጣው የአንድ ዓመት ምርት ብቻ አይደለም፤ የበርካታ ዓመታት ድካምና ቀለብ ነው።

ይህ በሽታ የእንሰት ባለቤቶች ጉዳይ ብቻ ነው የሚል ሰው ካለ ታሪኩን ይስማ። ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ የተባሉ ተመራማሪዎች ተሕዋሲያኑን እ.ኤ.አ. በ1968 ለሳይንስ ዓለም አስታወቁ፤ በ1974 እዚሁ አገራችን ውስጥ በሙዝ ላይ እንደታየ ተጻፈ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ነገሩ ከድንበራችን የማይሻገር መስሎ ቆየ። በ2001 ግን በኡጋንዳ የሙዝ ማሳ ውስጥ ተገኘ፤ ወደ ኮንጎ፣ ወደ ሩዋንዳና ወደ ታንዛኒያም ተዛመተ። ሙዝ ለኡጋንዳ ሰው ለእኛ እንጀራ የሆነውን ያህል የዕለት ምግብ ነው። እንደ ወልቂጤ ባለ አካባቢ በማይታወቅ ገበሬ ጓሮ ውስጥ ቸል የተባለ በሽታ ከሠላሳ ዓመት በኋላ የሌላ አገር ሕዝብ ገበታ ላይ ደረሰ ማለት ነው።

ከወልቂጤ ወደ ግቤ ቁልቁል ስንወርድ ሙቀቱ ጨመረ። ድልድዩን ከተሻገርን በኋላ አቀበቱ ላይ አንድ የጭነት መኪና መንገዱን አግድም ዘግቶ ቆሞ አገኘን። ዝናብ ስለነበረ ጎማው ከጠርዙ ወደ ጭቃ ገብቷል። ትራክተር እስኪመጣ ድረስ እዚያው ስንቆም፣ ፓፓያ የሚሸጡ ልጆች አንዱን በ40 ብር እየሰጡ መንገደኛውን አጠገቡት። ሳጃን፣ ሰኮሩንና አሰንዳቦን በጨለማ አልፈን ጅማ ስንደርስ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሆኖ ነበር። ያረፍሁበት ክፍል 900 ብር ሲሆን የቧንቧ ውኃ አልነበረም፤ የእንግዳ ማረፊያው ልጅ ግን በባልዲ ሙቅ ውኃ አምጥቶልኝ እግሬን ታጥቤ ተኛሁ።

ሐምሌ 5፦ ጅማ፣ የሂርማታ ገበያ

ጅማ ውስጥ በግብርና ሥራ ላይ ያለ የድሮ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ጠዋት መጣልኝ። አፋን ኦሮሞ አቀላጥፎ ስለሚናገር በሄድንበት ሁሉ ያስተረጎመልኝ እሱ ነው። ቁርስ ጨጨብሳ በማር በላን። ቀጥሎ ጨው ጣል የተደረገበት ቡና ጠጣን፤ ሲኒው 15 ብር ነበር። በደብረ ብርሃን የምከፍለው እጥፉን ሲሆን ጣዕሙ ግን ግማሹም አይሆንም።

ሂርማታ ከአባ ጅፋር ዘመን ጀምሮ የታወቀ የገበያ ስፍራ ነው። በሐምሌ ቡና ከዛፍ ላይ ስለሆነ ገበያው የሚሞላው በበቆሎ፣ በድንች፣ በጎመንና በአቮካዶ ነው። ድንች ከምትሸጥ ሴት ዘንድ ቆምን። ከክምሩ ውስጥ ቡናማ የሆኑትንና ውስጣቸው የበሰበሰውን ለብቻ ለይታ አስቀምጣለች። ጓደኛዬ ጠየቃት፤ ዝናቡ ከበዛ ቅጠሉ በጥቂት ቀናት ጠቁሮ እንደሚረግፍና ያ ሲሆን ሥሩም እንደማይተርፍ መለሰች። ይህ እ.ኤ.አ. በ1845 አየርላንድን የመታው በሽታ ራሱ ነው። በዚያ አገር ድኻው ሕዝብ የሚኖረው በድንች፣ ይልቁንም በአብዛኛው በአንድ ዓይነት ድንች ነበር። በጥቂት ዓመታት ውስጥ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው በረኃብና ረኃቡ ባመጣው በሽታ አለቀ፤ ከዚያ የሚበልጥ ደግሞ አገሩን ጥሎ ተሰደደ። በሽታውን ያመጣው ረቂቅ ሕይወት ነው፤ የዕልቂቱን ስፋት የወሰነው ግን ሕዝቡ ሌላ የሚበላው ነገር እንዲያጣ ያደረገው አኗኗርና አስተዳደር ነው። ለተማሪዎቼ ይህን ሁለቱን ለይቼ ማስተማር ሁልጊዜ ያስጨንቀኛል።

በቆሎ ተራው ላይ አንድ ነጋዴ የዘር ስሙን ሲነግረን ከሁሉም ከረጢት ላይ ያነሣው አንድ ዓይነት ድቅል ነበር። ጅማ የበቆሎ አገር ነው፤ ገበሬው የተሻለ ምርት የሚሰጠውን ዘር ቢመርጥ ማንም ሊወቅሰው አይችልም። ሆኖም አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1970 የደረሰባቸውን አስታወስሁ። በዚያን ጊዜ አብዛኛው የበቆሎ ዘራቸው ከአንድ የእናት ምንጭ የተዳቀለ ስለነበር፣ ያንን ምንጭ የሚያጠቃ የቅጠል በሽታ ሲነሣ በአንድ ክረምት የአገሪቱን በቆሎ 15 በመቶ ያህል ወሰደ። ያ ሁሉ ገንዘብና ዕውቀት ያለው አገር ያመለጠው በሚቀጥለው ዓመት የሚዘራው ሌላ ዘር ስለነበረው ነው። ሌላ ዘር የሌለው አገር ምን ያደርጋል?

እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ዓለም አቀፍ ጥናት በሽታና ተባይ በየዓመቱ ከዓለም ምርት ከስንዴ 21.5፣ ከሩዝ 30፣ ከበቆሎ 22.5፣ ከድንች 17.2፣ ከአኩሪ አተር 21.4 በመቶ እንደሚወስዱ ገምቷል። ጉዳቱ የሚከፋውም የምግብ እጥረት ባለባቸውና የሕዝብ ቁጥር በሚጨምርባቸው አገሮች ነው። በዚያ ገበያ መካከል ቆሜ ከአምስት ማዳበሪያ በቆሎ አንዱ የማይመጣ መሆኑን ሳስብ ቁጥሩ ከወረቀት ላይ ካየሁት ይልቅ ከበደኝ።

ከሰዓት በኋላ ጂረን ወጥተን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት አየን። ስለ እሱ ብዙ የተጻፈ ስላለ እዚህ አልደግመውም።

ሐምሌ 6፦ መልኮ

የጅማ የግብርና ምርምር ማዕከል ከከተማው ወጣ ብሎ መልኮ በሚባል ስፍራ ይገኛል። በባጃጅ ሄድን፤ ዝናቡ ከሁለቱም ጎን ስለገባ ማስታወሻ ደብተሬን በጃኬቴ ውስጥ ይዤ ደረስሁ። ግቢው ሰፊ ነው። በጥላ ዛፎች ሥር በረድፍ የቆሙት ቡናዎች ላይ እያንዳንዳቸው ቁጥር ተጽፎባቸዋል።

የቡና ፍሬ በሽታ በመጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ1922 በኬንያ ነው። ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ የታየው በ1971 ሲሆን፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ዋና ዋናዎቹን የቡና አካባቢዎች አዳረሰ። የሚያመጣው ፈንገስ ነው፤ ቅዝቃዜና እርጥበት ባለበት ደጋማ ቦታ ይበረታል። የዝናብ ጠብታ የፈንገሱን ዘር ከፍሬ ወደ ፍሬ ያዘዋውራል፤ በአረንጓዴው ፍሬ ላይ ትንሽ ጥቁር ሰርጎድ ያለ ነጥብ ይታያል፣ ነጥቡ ይሰፋል፣ ፍሬውም ጠቁሮ ይረግፋል ወይም ደርቆ በቅርንጫፉ ላይ ይቀራል። በአገር ደረጃ አማካይ ጉዳቱ ሩብ ያህል እንደሚሆን ይገመታል፤ በዝናባማ ደጋ ግን ዛፉን ባዶ የሚያስቀርበት ጊዜ አለ።

በዚያን ጊዜ ሁለት መንገድ ነበር። አንደኛው በክረምቱ ውስጥ ደጋግሞ መድኃኒት መርጨት ነው። ይህ በትልልቅ እርሻዎች ይቻል ይሆናል፤ ጫካ ውስጥ ጥቂት መቶ ዛፍ ላለው ገበሬ ግን መድኃኒቱም መርጫውም የማይደረስበት ነው። ሁለተኛው መንገድ በሽታው ክፉኛ በወረደበት አካባቢ ሄዶ፣ በዙሪያው ያሉት ሁሉ ሲጠቁሩ ፍሬውን ይዞ የቆመውን ዛፍ መፈለግ ነው። ራውል ሮቢንሰን በተባለ የዕፅዋት በሽታ ተመራማሪ መሪነት የተጀመረው ሥራ ይህን ሁለተኛውን መረጠ። ባለሙያዎች በኢሉባቦርና በከፋ ጫካዎች ውስጥ እየዞሩ እናት ዛፎችን መረጡ፤ ዘሩን አምጥተው በቡቃያውና በፍሬው ላይ በሽታውን ሆን ብለው አስይዘው ፈተኑ።

ለዚህ ሥራ የጠቀመ አንድ የተፈጥሮ ነገር አለ። የአረቢካ ቡና በአብዛኛው ራሱን በራሱ ስለሚያዳቅል፣ በሽታ የቻለ ዛፍ ዘሩም በአመዛኙ እሱኑ ይመስላል። ስለዚህ የማዳቀል ሥራ የሚጠይቀውን ረጅም ዓመት መጠበቅ አላስፈለገም። እ.ኤ.አ. በ1974 ከተመረጡት መካከል የመጀመሪያዎቹ ከአሥር ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ለገበሬው ደረሱ። 74110፣ 74112፣ 74165 የሚሉት ቁጥሮች የዚያ ዘመን ናቸው፤ የፊተኛው 74 የተመረጡበትን ዓመት ያመለክታል። ዛሬ በውጭ አገር ውድ በሆነ ዋጋ የሚሸጠው ቡና ከረጢት ላይ እነዚህ ቁጥሮች ተጽፈው ይታያሉ። ቁጥሩን የሚያነብ ገዢ ቡናው ስለ ጣዕሙ ሳይሆን ከሞት ስለ ተረፈ እንደተመረጠ ቢያውቅ እወዳለሁ።

ያስጎበኙን ባለሙያ ያነሡትን ሥጋት ግን ማለፍ አልችልም። ጥቂት ምርጥ ቁጥሮች በሰፊው ሲተከሉ ነባሮቹ የየአካባቢው ዝርያዎች ይነቀላሉ፤ ያኔ አዲስ በሽታ ቢነሣ የምንመለስበት ጫካ አይኖርም። ማዕከሉ ለሊሙ፣ ለወለጋ፣ ለሐረርና ለሲዳማ ከየራሳቸው ነባር ቡና እየመረጠ ማውጣት የጀመረውም ለዚህ ነው። እኔም በዚህ ሐሳብ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ።

ሐምሌ 7፦ አጋሮና ጮጬ

ከጅማ ወደ አጋሮ በሚኒባስ 120 ብር ከፍለን ሄድን። አስፋልቱ ደህና ነው፤ ከአጋሮ ወደ ጮጬ ያለው ግን ጠጠርና ቀይ ጭቃ ስለሆነ ሁለት ጊዜ ወርደን ባጃጁን ገፋን። ጓደኛዬ የሚያውቃቸው አንድ አዛውንት በራቸው ላይ ቆመው ጠበቁን። ሁሉም «ሀጂ» ይላቸዋል። ጭቃ የያዘ ጫማችንን አይተው ከመግባታችን በፊት በር ላይ እንድንታጠብ ውኃና ብሩሽ አስመጡ። ለንጽሕና ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ኋላ ወደ ቡናው ስንገባም እንደገና አስታጠቡን።

ምክንያቱን ማሳው ውስጥ አሳዩን። በጥላው ሥር ለምለም ቡና መካከል እንደ ቀዳዳ የሆኑ ባዶ ቦታዎች አሉ፤ በያንዳንዱ ላይ የተቃጠለ ጉቶ አመድ ይታያል። የቡና አድርቅ በሽታ ነው። ፈንገሱ በቁስል በኩል ወደ ግንዱ ይገባል፤ በግንዱ ውስጥ ውኃ ወደ ላይ የሚያወጣውን ቧንቧ ይዘጋዋል። ቅጠሉ በአንድ ወገን ቢጫ ይሆናል፣ ይረግፋል፣ ዛፉም ይደርቃል። ሀጂ ሊነቀል ከተዘጋጀ አንድ ዛፍ ላይ ቅርፊቱን በቢላ ገፈፍ አድርገው ከቅርፊቱ በታች ያለውን ሰማያዊና ጥቁር ቀለም አሳዩኝ፤ ቢላውንም ወዲያው በእሳት ለበለቡት።

«ሠራተኛው አረም ሲያጭድ ገጀራው ግንዱን ይነካል» አሉ በጓደኛዬ አስተርጓሚነት። «ከታመመው ወደ ደህናው ይሄዳል። እኔ አሁን በግንዱ ዙሪያ በእጅ ነው የማሳርመው። ዋጋው ይበዛል፤ ግን ዛፍ ለማሳደግ ከሚፈጀው ዓመት አይበልጥም።»

ይህ በሽታ በኡጋንዳ እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ የሮቡስታ ቡናን ክፉኛ ጎድቷል። መድኃኒት የለውም፤ የታመመውን ነቅሎ እዚያው ማቃጠልና ጉድጓዱ ላይ ቶሎ አለመትከል ብቻ ነው። ሀጂ ያንን ሁሉ ያለ ተቆጣጣሪ ሲያደርጉ ሳይ፣ በእኛ አገር ዋግ የያዘውን ስንዴ ዓይተን «የእግዜር ቁጣ ነው» ብለን የምንተወው ትዝ አለኝ።

ምሳ የበቆሎ ቂጣ፣ ጎመን በቅቤና እርጎ አቀረቡልን። ገንዘብ አምጡ የሚል አልነበረም፤ ልንሰጥም ስንሞክር ሀጂ ተቆጡ። ለልጅ ልጃቸው ደብተር መግዣ ብለን ያስቀመጥነውን ብቻ ተቀበሉ።

ከሰዓት በኋላ እዚያው ጮጬ ያለውን የቡና ዘረመል ማቆያ አየን። ቡና ዘሩ እንደ ስንዴ በማቀዝቀዣ ውስጥ ለብዙ ዓመት አይቀመጥም፤ ስለዚህ ከየጫካው የተሰበሰበው ዓይነት ሁሉ በሕይወት፣ በማሳ ላይ ተተክሎ ነው የሚጠበቀው። በሺዎች የሚቆጠሩ ዓይነቶች አሉ። አንዱ ቅጠሉ የነሐስ ቀለም፣ ሌላው ቅርንጫፉ ወደ ታች የተንዘረፈፈ፣ አንዱ አጭርና ጥቅጥቅ ያለ ነው። እንዲህ ያለውን ማሳ ለመጠበቅ በየቀኑ አረም የሚነቅል፣ ጥላ የሚያስተካክል፣ የሞተውን የሚተካ ሰው ያስፈልጋል። ሥራው የሚታይ ውጤት ስለሌለው በጀት ሲቀነስ መጀመሪያ የሚጎዳ ዓይነት ሥራ ነው፤ እኔ ግን በዚህ ጉዞ ካየሁት ሁሉ የሚበልጥብኝ እሱ ነው።

ለምን እንደሚበልጥ ላስረዳ። ላቲን አሜሪካን ያለበሰው አረቢካ የመጣው በየመን በኩል፣ ከዚያም በከፊል በአውሮፓ የዕፅዋት ቤቶች ካለፉ እጅግ ጥቂት ዛፎች ነው። በመሆኑም ከብራዚል እስከ ጓቲማላ ያለው ቡና የቅርብ ዘመድ ነው። የቡና ቅጠል ዋግ በሲሎን፣ በዛሬዋ ስሪላንካ፣ እ.ኤ.አ. በ1869 በተነሣ ጊዜ እርሻዎቹ ሊቋቋሙት አልቻሉም፤ ገበሬዎቹ ቡናውን ነቅለው ሻይ ተከሉ። ዋጉ በ1970 ብራዚል ደረሰ፤ ከ2012 ጀምሮም የመካከለኛው አሜሪካን ቡና አራግፎ ብዙ ለቃሚዎችን ሥራ አሳጣ። የምግብና እርሻ ድርጅት በ1964 እና 65 ከኢትዮጵያ ጫካዎች ያስሰበሰበው ዘር ዛሬ በኮስታ ሪካ ይጠበቃል፤ ተመራማሪዎችም መቋቋሚያ ፍለጋ ወደ እሱ ይመለሳሉ። የዓለም ቡና ወደፊት የሚድንበት ቁም ነገር ያለው በጮጬና በመሰሎቹ ጥላ ሥር ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ሐምሌ 8፦ በለጠ ጌራ

ጌራ ለመድረስ ያሰብነውን ያህል አልተሳካልንም፤ አንድ ትንሽ ወንዝ ሞልቶ መንገዱን ስለዘጋው በለጠ ጫካ ዳር ቀረን። ሆኖም የፈለግሁትን አገኘሁ። በጫካው ውስጥ ሰው ሳይተክለው የበቀለ ቡና ቅጠል ገልብጬ ሳይ የማውቀው ብርቱካንማ ዱቄት አለ። ከስንዴ ዋግ ጋር ቀለሙ አንድ ነው። ነገር ግን ዱቄቱ ላይ ነጭ ጥጥ የመሰለ ሌላ ፈንገስ በቅሎበት ነበር፤ ይህ ዋጉን ራሱን የሚበላ ፈንገስ ነው። ዋጉ በአገራችን ለዘመናት ኖሮ ሲሎንን እንዳጠፋ ያላጠፋን የዛፎቹ ዓይነት ብዛት፣ ጥላውና እንዲህ ያሉ ጠላቶቹ ስላሉ ነው። ጫካው ሲመነጠር የሚጠፋው እንጨት ብቻ አይደለም። በመንገዱ ዳር አዲስ የተመነጠሩ ቦታዎችን ማየቴ በጣም አሳዘነኝ፤ አካባቢው ሲሞቅ ዋጉ ወደ ደጋው እንደሚወጣ ደግሞ ጓደኛዬ ከሥራው ያስተዋለውን ነገረኝ።

ሐምሌ 9፦ መመለስ

ሀጂ ለማስታወሻ የቡና ችግኝ በፌስታል አድርገው በጓደኛዬ እጅ ልከውልኝ ነበር። አፈር የያዘ ችግኝ ከአድርቅ አካባቢ ይዞ መውጣት እንደማይገባ ያስተማሩኝ እሳቸው ራሳቸው ናቸውና፣ ስልክ ደውዬ በአክብሮት መለስሁት፤ «እውነት ነው፣ ልክ ነህ» ብለው ሁለት ኪሎ የታጠበ ቡና ተኩልኝ።

አውቶቡሱ ግቤን ሲሻገር ለወንድሜ ደወልሁለት። በጅሩ የስንዴ ዘር ገና አልተጀመረም ነበር። ምን ሊዘራ እንዳሰበ ስጠይቀው ያለችንን ማሳ በሙሉ ባለፈው ዓመት ጥሩ ባፈራው በአንዱ ዘር ሊሸፍናት እንደሆነ ነገረኝ፤ ጎረቤቶቹም ሁሉ እሱኑ ገዝተዋል። ዲገሉ የሚባለው ስንዴ በባሌና በአርሲ ሰፊ መሬት ሸፍኖ ሳለ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአዲስ የግንድ ዋግ እንዴት እንደወደቀ ከዚህ በፊትም ነግሬዋለሁ። አሁን ግን ነገሩን በጮጬ ማሳ በኩል አስረዳሁት። ረጅም ጊዜ ተከራከርን፤ ሁለተኛው ዘር በኩንታል ዋጋው ከፍ ያለ በመሆኑ ልዩነቱን እኔ እንድከፍል፣ እሱ ደግሞ የወንዙን ዳር ማሳ በሌላው ዘር እንዲዘራ ተስማማን። በጥቅምት ማሳው ላይ ሄጄ ሁለቱንም ቅጠል ገልብጬ አያለሁ።